«ኢንተለጀንስ»ን አንድ የአማርኛ ቃል ይሸከመዋል?

ብራና

ሰላም ለሁላችሁ።

ለሰፊው አንባቢ የተጻፈ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ስለ አእምሮ ጥናት ታሪክ ነው የሚያወራው። እስካሁን ጥሩ ሄዶልኛል። አሁን ግን አንድ ቃል መንገድ ዘግቶብኛል፤ «ኢንተለጀንስ»።

ጸሐፊው በአንዱ ምዕራፍ ቃሉን እየደጋገመ ያመጣዋል። በየቦታው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቦታ ለተማሪዎች ስለሚሰጥ ፈተና ያወራል፤ እዚያ ላይ የአእምሮ ችሎታ ማለቱ ነው። ገጹን ስገልጥ ስለ ስለላ ድርጅት ያነሳል። ቀጥሎ ስለ ኮምፒውተር። ይባስ ብሎ መጨረሻ ላይ የመካከለኛው ዘመን ፈላስፎች ሰማያትን የሚያሽከረክሩ «ኢንተለጀንሶች» አሉ ብለው ያምኑ ነበር ይላል። እዚህ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

አርታኢዬ «አንድ ቃል ምረጪና እስከ መጨረሻው እሱን ያዢ፣ አለዚያ አንባቢ ይደናገራል» ይለኛል። አንዱን ቃል ይዤ ስሄድ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ እየሞተብኝ ነው። «የአስተውሎት ድርጅት» ብዬ ጽፌ አየሁት። ማን ይረዳዋል?

እና ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቃሉ ከየት መጥቶ ነው ይህን ሁሉ የተሸከመው? ሌሎች ቋንቋዎችስ እንዴት አድርገው ተወጡት? የላቲኑንም፣ የዓረብኛውንም፣ የግዕዙንም የምታውቁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

ዜሮአንድ

«አስተውሎት» በይውና እለፊ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ዜና ላይ ገብቷል፣ ሰውም ለምዶታል። ቃል የሚያድገው ሲሠራበት ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል አራት ነገር ከተናገረ አማርኛው ለምን ያቅተዋል? ለስለላው ብቻ አልሆን ካለሽ «ኢንተለጀንስ» ብለሽ በፊደላችን ጻፊው። ብዙ አታስጨንቂው።

ቅኔ ዘራፊ

እህቴ ብራና፣ መጨነቅሽ ልክ ነው። ብዕርሽን አታንሺ፣ መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። እኔ ግዕዝ አስተምራለሁ። ከግዕዝ ተነስቼ ዕብራይስጡንና ዓረብኛውን ስከታተል ይሄ ቃል ለዓመታት ሲያመላልሰኝ ኖሯል፤ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

ከላቲኑ እንጀምር። መነሻው «ኢንቴሌጌሬ» የሚል ግሥ ነው። «ኢንቴር» በመካከል ማለት ነው። «ሌጌሬ» ደግሞ መልቀም፣ መምረጥ። ሮማውያን የወይራ ፍሬ ሲለቅሙ «ሌጌሬ» ነው የሚሉት። በኋላ ዓይን ከገጽ ላይ ፊደል መልቀም ጀመረ፤ እሱንም በዚያው ቃል ጠሩት፣ ማንበብ ሆነ። «ሌክቸር»ም «ኮሌክሽን»ም ከዚሁ ግንድ የወጡ ናቸው። አንዳንዱ ሰው «ኢንተለጀንስ ማለት በመስመሮች መካከል ማንበብ ነው» ይላል። ያምራል፤ ግን መልቀሙ ከማንበቡ ይቀድማል። ሥሩ ላይ ያለው ሥራ ከብዙ ነገር መካከል አንዱን ለይቶ ማንሳት ነው።

ሮማዊው ፈላስፋ ሲሴሮ ይህን ቃል የት እንዳስቀመጠው ማየት ይጠቅምሻል። ጥበበኛነትን በሦስት ይከፍለዋል። ያለፈውን የሚይዘው ትዝታ ነው። የሚመጣውን የሚያየው አርቆ ማየት ነው። አሁን ያለውን ነገር የሚመለከተው ደግሞ «ኢንቴሊጌንቲያ»። ያለውን ማየት! ይሄ ከእኛ «ማስተዋል» ምን ያህል ይርቃል?

አሁን ዕብራይስጡን ተመልከቺ። «ቢና» ይላል። ቃሉ «ቤን» ከሚለው ጋር አንድ ቤት ነው፤ «ቤን» በመካከል ማለት ነው። ከላቲን ጋር ዝምድና የሌለው ቋንቋ እዚያው ቦታ ላይ ደረሰ። ግዕዝም በዚያው ቤት አለበት። «በበይናቲሆሙ» ስንል እርስ በርሳቸው፣ በመካከላቸው ማለታችን ነው። «በይነ መረብ» ብለን የሰየምነው ኢንተርኔትም ከዚያ የተወሰደ ነው። ዳኛ ግራ ቀኙን ሰምቶ «ብይን» ሲሰጥም ይሄው ሥር ነው፤ በሁለት ነገር መካከል መለየት። ወደ ሰሜን አውሮፓ ብትሄጂ አይስላንድኛም «ግሬይንድ» ይላል፣ ከመለየት ግሥ የወጣ ነው።

ዓረብኛ ግን በሌላ በር ገባ። «ዐቅል» ይላል። የሥሩ ትርጉም ማሰር ነው። «ዒቃል» ግመል ተነስታ እንዳትሄድ ጉልበቷ የሚታሰርበት ገመድ ነው። አእምሮ እዚህ ላይ ለቃሚ አይደለም፣ ሰውን ከመንገድ እንዳይወጣ የሚይዘው ነው። ይሄ ቃል ብዙ ተጉዟል። ስዋሂሊ «አኪሊ» ይላል፣ ቱርክኛ «አክል»፣ ሶማሊኛም ወስዶታል። አማርኛችንስ? «አቅሉን ሳተ» እንል የለ! በየቀኑ አፋችን ላይ ነው። «ቀልብህን ሰብስብ» ስንልም «ቀልብ» የዓረብኛው ልብ ነው።

ቃላቱን ለመፈተሽ እኔ የምጠቀምበትን መንገድ ልስጥሽ። የምስጋናውን ቃል ትተሽ የስድቡን ፈልጊ። ሰው አእምሮን በምን እንደሚያስበው የሚታየው እዚያ ነው። ቢላዋ ሲዶለዱም «ደነዘ» እንላለን። ነገር የማይገባውን ሰውም «ደነዝ» እንላለን። ይሄ ከሆነ ተቃራኒው ስለት መሆን አለበት። ነውም! «ብልህ» የምንለው ከግዕዙ «በሊሕ» ነው፤ በሊሕ ስል፣ የተሳለ ማለት ነው። ትግርኛ ሁለቱንም እስካሁን አንድ ላይ ይዟቸዋል፤ ካራውም በሊሕ ነው፣ ልጁም በሊሕ ነው። እኛ ስለቱን ረስተን ብልሃቱን ብቻ አስቀረን።

«ፈዛዛ» ካልን ተቃራኒው «ብሩህ» ነው፤ ብርሃን። «ነገሩ በራልኝ» የምንለው ለዚህ ነው። ዓረብኛም «ዘካእ» የሚለው ቃሉ ከእሳት መንቀልቀል ጋር የተያያዘ ነው፤ ዛሬ ለኮምፒውተሩ የሚጠቀሙት እሱን ነው። «እንቅልፋም» ካልን ተቃራኒው «ንቁ» ነው። የዘንድሮ ልጆች «ነቄ ነኝ» ሲሉ ይሄንኑ ነው የሚያደርጉት። ሳንስክሪትም «ቡድሂ» የሚለው የአእምሮ ስም ከመንቃት ግሥ የወጣ ነው፤ «ቡድሃ» ራሱ የነቃው ማለት ነው። ስለዚህ «ነቄ» የሚለውን ቃል አትናቁት። ትልቅ ዘመድ አለው።

ስሜት ሕዋሳቱም አልቀሩም። ቻይንኛ «ጾንግሚንግ» ይላል፤ የመጀመሪያው ጥሩ መስማት፣ ሁለተኛው አጥርቶ ማየት ነው። በኦሮምኛ «ቀሮ» የዓይን ብሌንም ነው፣ ብልህ ሰውም ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ግን የነገሩ መቀመጫ ልብ ነው። ግዕዝ «ለበወ» ይላል፣ አስተዋለ ለማለት። ግሡ ራሱ ከልብ የተሠራ ነው። ሊቃውንቱ የሰውን ነፍስ «ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት» ይሏታል፤ የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕያው የሆነች። «ልብ በል»፣ «ልብ ገዛ»፣ «ልባም» ሁሉም እዚያ ናቸው። ሰሎሞን የለመነውን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አስተዋይ ልቡና» ይለዋል፤ በዕብራይስጡ ቃል በቃል የሚሰማ ልብ ነው። በምሳሌ መጽሐፍ ሞኝ ማለት «ሐሳር ሌቭ»፣ ልብ የጎደለው ነው። ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ፤ «ልባም ሴትን ማን ሊያገኛት ይችላል» የሚለው ቦታ ላይ የዕብራይስጡ ቃል ከእኛ «ኃይል» ጋር የሚዛመድ ነው። ተርጓሚዎቹ ኃይሏን ወደ ልቧ አመጡት። እንዲህ ዓይነት ድፍረት ያስደስተኛል።

የሰማያቱ ነገር ቀላል ነው። አርስጣጣሊስ የሰማይን አካላት የሚያንቀሳቅሱ፣ ራሳቸው ግን የማይንቀሳቀሱ አሉ ብሎ ነበር። በዓረብኛ የጻፉት እነ ኢብን ሲና «ዑቁል» አሏቸው፣ የዐቅል ብዙ ቁጥር። በላቲን «ኢንቴሊጌንቲያ» ሆኑ፤ ብዙዎችም ከመላእክት ጋር አያያዟቸው። ስለዚህ አካል የሌላቸው አሳቢዎች ናቸው። እኔ ብሆን «ረቂቃን ልቡናት» እላቸው ነበር።

ለአርታኢሽ የምትነግሪው ይሄ ነው፦ የትኛውም ቋንቋ አእምሮን ሙሉውን አልሰየመም። አንዱ መልቀሙን፣ አንዱ ማሰሩን፣ አንዱ ስለቱን ይዞ ሁሉንም በእሱ ጠራ። የላቲኑ ቃል ብዙ አገር ስለዞረ ብዙ ተጫነ። ያንን ሁሉ ሸክም «አስተውሎት» ላይ መጫን የለብሽም።

ሥነ ልቡና

ቅኔ ዘራፊ፣ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። በሙያዬ በኩል ልጨምር። ሙያዬ ራሱ «ሥነ ልቡና» መባሉን ልብ በሉ!

ብራና፣ የፈተናው «ኢንተለጀንስ» ወጣት ቃል ነው። ፊደሉ የጥንት ይሁን እንጂ ትርጉሙ የቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ቻርልስ ስፒርማን የተለያዩ ፈተናዎች ውጤት አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አይቶ ከበስተኋላው አንድ አጠቃላይ ችሎታ አለ አለ። በ1905 አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን መለኪያ አወጡ። ዓላማቸው በትምህርት ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት ነበር። በ1912 ዊልያም ስተርን የአእምሮ ዕድሜን ለልደት ዕድሜ ማካፈልን አመጣ፤ «አይ ኪው» የሚባለው የፈተና ነጥብ ከዚያ ነው። የጥንቱ ቃል የሚሠራ ነገር ስም ነበር፤ ይለቅማል፣ ይለያል። ከዚህ በኋላ የሚለካ ነገር ስም ሆነ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እና እባክሽ እዚያ ቦታ ላይ «ብልህነት» አትበዪ። «ብልህ» በአማርኛ ምስጋና ነው። ፈተናው የሚለካው ደግሞ የምናመሰግነውን ሁሉ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. ሮበርት ስተርንበርግ እና ባልደረቦቹ በኬንያ ሉኦዎች ዘንድ ያጠኑት አለ። ሰዎቹ ስለ ልጅ አእምሮ ሲያወሩ አራት ቃል ነው የሚያነሱት። «ሪኤኮ» እውቀትና ችሎታ፣ «ሉኦሮ» አክብሮት፣ «ፓሮ» አስቦ መነሳሳት፣ «ዊንጆ» የነገርን ውስብስብነት መረዳት። የትምህርት ቤት ፈተና የሚጠጋው «ሪኤኮ»ን ብቻ ነው፤ እሱንም በከፊል።

ከዚያ በፊት ሮበርት ሰርፔል ዛምቢያ ውስጥ በቼዋዎች ዘንድ ያገኘው ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። «ንዜሉ» የሚሉት ቃል አለ። በውስጡ «ቼንጄላ» አለ፣ ብልጠት ነው። «ቱሚኪላ» ደግሞ ኃላፊነት የሚሰማው፣ ሥራ ቢሰጡት የሚታመን ማለት ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ያሰጋል። እኛም እኮ «ብልህ» እና «ብልጥ» ብለን ለይተናል! ልጅህ ብልህ ነው ሲባል አባት ደስ ይለዋል። ብልጥ ነው ሲባል ፈገግ ይላል፣ ግን ዓይኑን ከልጁ ላይ አያነሳም። «ብልጣ ብልጥ» ሲባልማ ጥያቄ የለውም። እንግሊዝኛው ቃል ይህን ልዩነት ፈጽሞ አይሸከምም።

ለፈተናው «የአእምሮ ችሎታ» በዪው። ደረቅ ነው፤ ግን ያለውን ብቻ ይናገራል።

ብራና

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። «ደነዝ» እና «በሊሕ» ላይ ስደርስ ጮህኩ። ይህን ሁሉ ዘመን «ብልህ» እያልኩ ስለት እንዳለበት አስቤው አላውቅም።

ግን የስለላው አሁንም አልገባኝም። ከመካከል መልቀም እንዴት ብሎ ሰላይ ሆነ?

ቅኔ ዘራፊ

ጥያቄው የእኔም ነበር። መልሱ ደግሞ በአማርኛ ቁጭ ብሏል።

ቃሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ፤ የመረዳት ችሎታ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተረዳሁት ነገር፣ የደረሰኝ ወሬ ማለትም ሆነ። ከጦር ሜዳ ደብዳቤ ሲመጣ «ኢንተለጀንስ ደረሰን» ይላሉ። ወሬ አቀባዩ «ኢንተለጀንሰር» ነው፤ ጋዜጦችም በዚህ ስም ወጥተዋል። ጀርመን ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ኢንተሊጌንዝብላት» የሚባሉ ወረቀቶች ነበሩ። ውስጣቸው የሚገኘው ማስታወቂያ ነው፤ የሚሸጥ፣ የሚከራይ፣ የጠፋ። በ1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ማዕከላዊ የስለላ ድርጅታቸውን ሲ.አይ.ኤ.ን ሲያቋቁሙ በስሙ ውስጥ ያለው «ኢንተለጀንስ» ይሄኛው ነው፤ ወሬው እንጂ ብልህነቱ አይደለም። ሩሲያኛ ደግሞ ወደ ሌላ ወሰደው፤ «ኢንተሊጌንጺያ» ሲሉ የተማረው የኅብረተሰብ ክፍል ነው። ለስለላው «ራዝቬድካ» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው፤ ሥሩ ማወቅ ነው።

አሁን አማርኛን እይ፦ «ነገሩን ተረዳሁ» ስል ገባኝ ማለቴ ነው። «የወንድሟን ሞት ተረዳች» ስል ግን ተነገራት ማለቴ ነው። ዜናው «መርዶ» ነው። ሌላውን እንዲገባው ማድረግ «ማስረዳት»፣ የሚያስረዳው ነገር «ማስረጃ»፣ የምንረዳበት ወሬ «መረጃ»። መግባቱና መነገሩ በአንድ ግሥ ተቀምጠዋል! ላቲኑ ወደ ወሬ ለመድረስ ያን ያህል መንገድ ሄደ። እኛ በአንድ «ተረዳ» ውስጥ ሁለቱንም ይዘናል። መንግሥት ተቋሙን «መረጃና ደኅንነት» ብሎ የሰየመው በትክክል ነው።

ሌሎች ቋንቋዎችም ቢሆኑ ስለላውን ከአእምሮ ጋር አላገናኙትም። ዓረብኛ «ሙኻበራት» ይላል፣ «ኸበር» ዜና ነው። ዕብራይስጥ «ሞዲዒን» ይላል፣ ከማሳወቅ። ጃፓንኛ «ጆሆ» በሚል አንድ ቃል ተራውንም የምስጢሩንም መረጃ ይጠራል፤ ልክ እንደኛ። ስለዚህ «መረጃ» በዪና ቀጥዪ። ሥራውን ለይተሽ ማሳየት ስትፈልጊ «የስለላ መረጃ» በይው።

ዜሮአንድ

እሺ፣ ስለላውንና ፈተናውን ለቀቅኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አልለቅም፤ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው።

ቃሉን ለማሽን ያመጣው ጆን ማካርቲ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የጥናት ሐሳብ ጻፈ፤ ስብሰባው በ1956 ዳርትመዝ ኮሌጅ ተደረገ። ሐሳባቸው የትኛውም የአእምሮ ሥራ በጥራት ከተገለጸ ማሽን ሊያስመስለው ይችላል የሚል ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥያቄው ስለ ሥራው ነበር፤ ማሽኑ ልብ አለው ያለ የለም።

በዚህ መነጽር ካየነው ትግርኛ «ሰብ ሰርሖ ብልሒ» ማለቱ ልክ መታው። በቅኔ ዘራፊ አፈታት ከሄድን ሰው የሠራው ስለት ነው። ስለት መሣሪያ ላይ ይቀመጣል። ዕብራይስጥ «ቢና»ን ወሰደ፣ ኦሮምኛ «ሁባኖ ነምቶልቼ» አለ፣ መረዳት ማለት ነው። እኛ «አስተውሎት» አልን፤ ማስተዋል ደግሞ ረጋ ብሎ፣ ልብ ብሎ ማየት ነው። ለማሽን በዝቶ እንደሆነ እቀበላለሁ። ግን ሕዝብ የተቀበለውን ቃል ተርጓሚ ብቻዋን አትቀይረውም። ብራና «ሰው ሠራሽ ብልሃት» ብላ ብትጽፍ አንባቢው ስለ ሌላ ነገር የምታወራ ይመስለዋል።

ቅኔ ዘራፊ

ወንድሜ፣ በዚህ ተስማምተናል። «ብልሃት» ልቤ ላይ ቢኖርም የገባው ቃል ይቀጥል። አንድ ነገር ብቻ፦ ብቻውን «አስተውሎቱ» እያላችሁ አትጻፉ። «ሰው ሠራሽ» የሚለው ሁልጊዜ አብሮት ይሂድ። ማስተዋል የሚለውን ቃል ለሰው እንፈልገዋለን።

ብራና

እንዲህ አደረግኩት። ፈተናው «የአእምሮ ችሎታ»፣ ድርጅቱ «መረጃ»፣ ኮምፒውተሩ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት»፣ ሰማያቱን የሚያሽከረክሩት «ረቂቃን ልቡናት»። ምዕራፉ መግቢያ ላይ አራቱም በእንግሊዝኛው አንድ ቃል እንደሆኑ የሚናገር አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፤ የመልቀሙን ነገርም እዚያ አስገባሁ።

ለአርታኢዬ የስለላውን ገጽ በሁለት መልክ ላኩለት፤ አንዱን በ«አስተውሎት»፣ አንዱን በ«መረጃ»። ሁለተኛውን መርጧል። አሁን የቀረን ክርክር የሰማያቱ ነው። «ልቡናት» ለአንባቢ ይከብዳል፣ «መናፍስት» ይሁን ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ምን ትላላችሁ?

ሥነ ልቡና

«መናፍስት» አይሆንም። አንባቢው ሲያየው የሚመጣበት የሚያስፈራ ነገር ነው። ፈላስፎቹ ያወሩት ስለሚያስቡ አካላት ነው። «ልቡናት» ይቆይ፤ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ብቻ «አካል የሌላቸው አሳቢዎች» ብለሽ አስከትዪበት።

ቅኔ ዘራፊ

እኔም ከሥነ ልቡና ጋር ነኝ። ከበደ ካለ «ረቂቃን አእምሮዎች» በዪው፣ እሱም ያስኬዳል። «መናፍስት»ን ግን አትቀበዪው።